እባካችሁ ውሃ አታጠጡት

ጉሌድ ሾፌሩ ከጎዴ፣ አቧራውን ሳያራግፍ፣
የሰዓቱን ዋጋ ሊከፍለኝ ቆመ ከሱቄ ደፍ።
ብር አልነበረም በእጁ፤ የወተት ዱቄት ጣሳ፣
ከጠጠሩ መሃል አንድ ነገር፣ ፊቱ የፈንጣጣ ጠባሳ።
«ምንድን ነው?» አልኩት። «ተክል ነው።»
«ድንጋይ ነው» አልኩት። «ተው፣ ተው፤
ፍየልም እንዳንተ ብላለች፤ ለዚያ እኮ ነው የተረፈው።

አንድ አደራ፤ አትዘንለት።
ጥም አይደለም የሚገድለው፣
ደግ ሰው ነው።»

ፒያሳ፣ ከአሮጌው ፎቅ፣ ደረጃው በሚያቃስትበት፣
ሰገነቴ ላይ አኖርኩት፣ ጸሐይ እስከ ስድስት ሰዓት በምትቆይበት።
ጣሳውን ከታች በሳሁት በወፍራም ምስማር ጫፍ፣
ቀይ አሽና የሸክላ ስባሪ ሞላሁት እስከ አፍ።
በወር አንዴ፣ በጋ ከሆነ፣ በሲሪንጅ፣ ያለ መርፌ፣
ከሥሩ ዙሪያ ጠብ፣ ጠብ፤ ከዚያ እጄን ሰብስቤ አርፌ።
ሰው ሰዓት ሲሰጠኝ «መቼ ይደርሳል?» ይላል፤
ይሄ ግን በዓመት የጥፍር ውፍረት ያድጋል።
በአጉሊ መነጽሬ አየዋለሁ፣ ዓይኔ ላይ አጥብቄ፤
አድጓል ብዬ፣ አላደገም፤ ስንቴ በራሴ ስቄ።

ሐምሌ ገባ። ቆርቆሮው ሌሊቱን ይወቀጣል፤
አልጋዬ አጠገብ አስገባሁት፣ አምፖል ሥር። መብራቱ ይሄዳል፣ ይመጣል።
ሻጋታ ኮቴን በላ፣ ጫማዬ ነጭ ጢም አወጣ፤
እሱ ግን ደረቅ እንዳለ ነሐሴ ላይ ደረሰ። ጣጣ
የመጣው ለፍልሰታ ነው፣ እህቴ ጋ ሞጆ ስሄድ፣
ቁልፉን ለእትዬ አሰገደች ሰጥቼ በጠዋት ስነጉድ።
ስመለስ ጣሳው ይንጠባጠባል። እሷ በሩ ላይ ቆማ፣
«ሦስቴ አጠጣሁልህ ምስኪኑን፤ ረስተኸው ነበር አንተማ!»

ምን ልበላት? ታምሜ ስተኛ ሾርባ ይዛ ደረጃውን የወጣች፣
የእናቴን ለቅሶ ሦስት ቀን ከጎኔ ሳትነሳ ያለቀሰች።
«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። በሩን ዘግቼ ነቀልኩት።
የታች ጎኑ ለስልሷል፤ እንደ በሰለ ቲማቲም ዳበስኩት።
የበሰበሰውን በምላጭ፣ ብሎን በለመደ እጅ፣
ፍቄ ፍቄ ከሰል ነሰነስኩ፤ እንደ ቁስለኛ፣ እንደ ልጅ፣
ጋዜጣ ላይ አስተኛሁት። አርባ ቀን። ያለ ውሃ፣ ያለ አፈር።
እንቁጣጣሽ በላዩ አለፈ፤ መስቀልም፤ እኔም ዝም፣ እሱም ዝም ነበር።

ሥር አወጣ። ከሰዓት ስፕሪንግ የቀጠነ፣ አንድ።
መልሼ ተከልኩት፤ ጣሳው ላይም በፕላስተር ለጠፍኩ፣ በትልቅ ጽሕፈት፣
እባካችሁ ውሃ አታጠጡት።

ኅዳር ላይ፣ ከጠባሳው ጎን፣ ከምስር የሚያንስ እምቡጥ።
በሦስተኛው ቀን ደረጃው ሁሉ፣ «የት ሞታ ነው ይቺ አይጥ?»
አቶ ክንፈሚካኤል ፍራሽ ገለበጡ፣ ምንጣፍ አራገፉ፣
ልጆቹ ባትሪ ይዘው የሞተች ድመት ፍለጋ ተሰለፉ፤
ኅዳር ሲታጠን ጭሱ አለፈ፤ ሽታዋ ግን የት ሄዳ።
አንዲት አረንጓዴ ዝንብ ብቻ፣ ሦስት ፎቅ ወጥታ እንደ እንግዳ፣
ቤቴ ገባች።
ሳታንኳኳ፤ ግን ተጠርታ ነው የመጣች።

እትዬ አሰገደች ተከትላ፣ አፍንጫዋን በመዳፏ ይዛ፣
«ይሄ ነው?» አለች። አጉሊውን ሰጠኋት። ጎንበስ አለች፤ ፈዛ
ቀረች።
አምስት ቅጠል፣ ጉበት መሳይ፣ በቢጫ ነጥብ ጥቁር፣
ጠርዙ ላይ ያለ ነፋስ የሚንቀጠቀጥ ጸጉር።
«አይሰለቸውም ፈጣሪ፤ ይሄንንም ለዝንብ ብሎ ሠራ!»
ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ክረምት የታመመው በእኔ ነው አይደል? አደራ፣
አትዋሸኝ።»
ዋሸኋት። ያመነችኝ አይመስለኝም።

ጉሌድ ደውሎ ነበር፤ ሰዓቱ በቀን አራት ደቂቃ ይዘገያል።
«ሲመቸኝ አመጣዋለሁ» አለ። ተክሉንም ጠየቀ። «ይሸታል» አልኩት። «በሉ፣ ደህና ነዋ!»

አሁንም ሞጆ ስሄድ ቁልፌን ለእሷ ነው የምሰጥ።
«ምን ላድርግለት?» ትለኛለች። «ምንም።» «ምንም?» ይጨንቃታል፣ ትላለች ቁጥጥ።
አንድ ቀን ቶሎ ተመልሼ አየኋት በበሩ ስንጥቅ፦
ጆጎ አልያዘች፣ ኩባያ አልያዘች፤ በርጩማዬን ወደ ጣሳው ስባ፣
እጇን ጭኗ መሃል ቆልፋ፣
እንዳትዘን እየታገለች ትጠብቀዋለች።